አቶ ጀዕፈር አውልቀውታል ስለተባለው የኦክስጅን ጭንብል

ለተከበሩ የዳቡስ ክንፍ አየር መንገድ የደኅንነት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ትንፋሽዎ እንደልብ ይወጣ ይገባ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ ባምባሲ የማስተምር መምህርት ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በበረረው አውሮፕላንዎ፣ ሳንባቸውን ሊታከሙ ይሄዱ ከነበሩት ከጎረቤቴ ከአቶ ጀዕፈር ጎን ተቀምጬ ነበር።

እርስዎ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ነዕማ በላኩት ደብዳቤ፣ የአየር ግፊት መሣሪያው በተበላሸ ጊዜ ሟች ጭንብላቸውን «በራሳቸው ፈቃድ፣ ከመመሪያ ውጭ» እንዳወለቁ ገልጸዋል። ለዚህ ግሩም ምርመራዎ እያመሰገንኩ፣ ምናልባት ከዓይንዎ ያመለጡ ጥቂት ነገሮችን ላስታውስዎ።

1ኛ. ጭንብሎቹ ከላይ ሲወርዱ የእኔው ቱቦ ከሥሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ለመታሰቢያ ይሁንሽ ተብሎ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ. አስተናጋጇ ገና ሳንነሳ «መጀመሪያ ለራስዎ ያጥልቁ» ብላናለች፤ ጥፋት የለባትም። ጥፋቱ የእኛ የባምባሲዎች ነው። እኛ ዘንድ አጠገቡ ያለው ሰው ባዶ እጁን ተቀምጦ ውሃ እንኳ ብቻውን የሚጠጣ የለም። አቶ ጀዕፈር የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ለሴትም ለወንድም አንድ ነው። «አንተ ቅደም» ብለው ጭንብላቸውን አፌ ላይ አደረጉልኝ። ልመልስላቸው ስታገል ራሴን ሳትኩ። ስነቃ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ወደ አሶሳ እየተመለሰ ነበር፤ እጃቸው አሁንም ጭንብሉን ፊቴ ላይ እንደያዘ ነው። እሳቸው ግን አልነቁም።

3ኛ. ስለዚያ ቱቦ በደብዳቤዎ አንዲት ቃል የለችም፤ እኔንም የጠየቀኝ ሰው የለም። ምን ያድርጉ፣ ሥራ ይበዛብዎታል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በተነፈስኩ ቁጥር አፍራለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋቱን በሟች ላይ የጣለችውን ያችን መስመር ሰርዘው፣ የተበላሸው ቱቦ እንደነበር ይጻፉ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በእርስዎ መሣሪያ ሳይሆን በአቶ ጀዕፈር ትንፋሽ ይህን ለመጻፍ የበቃሁት አክባሪዎ፣

ስርጉት ቸሩ
ከባምባሲ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ነዕማ ፊደል አልቆጠሩም፤ ደብዳቤዎን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አፍሬ የሆነውን አልነገርኳቸውም ነበር። «በራሳቸው ፈቃድ አወለቁ» ከሚለው ስደርስ አስቆሙኝና «ለማን ሰጠው?» አሉኝ። እርስዎ ሦስት ወር ሙሉ መርምረው ይህን አልጠየቁም።