አንተን አስፈቅጂ የሚለኝ ኮምፒውተር

የሩት አባት፣ የልቤ ሰው፤

ከተለየኸን ሁለተኛው መስቀል ሊገባ ነው። በጌታ ዘንድ እንዳረፍክ ስለማምን ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። እኔ ግን ከኮምፒውተርህ ጋር ስጣላ ከርሜአለሁ። የምጽፍልህም ላለቅስልህ ሳይሆን ልወቅስህ ነው። በሕይወት ሳለህ ስቆጣ ስልክህን አንስተህ ወደ ደጅ ትወጣ ነበር፤ አሁን እስክጨርስ ትሰማኛለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሩት ሆሳዕና ከተማ ሥራ ይዛለች፤ በየእሁዱ ከአምልኮ ስትመለስ ትደውልና በልተሻል ወይ እያለች እናቴ ሆና ትቆጣጠረኛለች። እናትህ አገር ቤት አረቅጥ ናቸው፤ እግራቸው ቢደክምም አንደበታቸው ያው ነው። በራችን ፊት ያለው መንገድ ድንጋይ ስለተነጠፈለት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳንቃ ዘርግተህ ደንበኛ የምታሻግርበት ጭቃ ጠፍቷል። የመንገድ ዳሯ ክፍላችንም እንዳለች ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሠርግ መጥሪያ አዘጋጃለሁ፣ የጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው በባጃጅ ይመጣሉ። አንተ ትምህርት ቤት ስታስተምር ስትውል ከዚያች ክፍል እንጀራ የምናገኘው በእኔ ጣት ነበር፤ ይህን አንተም አትክድም።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ።

ያን ኮምፒውተር የገዛህ ቀን ያንቺ ነው ብለኸኝ ነበር። ከዚያ ቫይረስ ገባበትና የደንበኞቼ ሥራ ሁሉ ጠፋ። ተማሪዎች በፍላሽ አመጡብሽ፣ ያገኘሽውን ሁሉ ትከፍቻለሽ ብለህ ተቆጣህ። እንደ አዲስ ስትጭነውም አንተ ሁሉን የምትፈቅድ አድሚን ሆንክ፣ እኔ ተራ ተጠቃሚ። በኋላ የትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተሮች በሙሉ በዚያው በሽታ ተይዘው ሲገኙ፣ ቫይረሱ የመጣው የፈተና ወረቀት ይዘህበት በመጣኸው በራስህ ፍላሽ መሆኑ ታወቀ። ሳቅህ፣ ይቅርታም ጠየቅኸኝ። ሥልጣኑን ግን አልመለስክልኝም።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ያው ሆነ። አንድ ነገር ልጭን ስል ስክሪኑ ይጠቁራል፣ መሐሉ ላይ ሳጥን ብቅ ይላል። ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተርህ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ ይልና፣ ከሥሩ ያንተን ሙሉ ስም ጽፎ ፓስወርድህን ይጠብቃል። እኔ እጠራሃለሁ፤ አንተ ከጓዳ መጥተህ ከኋላዬ ጎንበስ ብለህ ትጽፋለህ፤ እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። አዙሪ ብለኸኝ አታውቅም። ሰው ምስጢሩን ሲጽፍ ማየት ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ ነው። ጉድ የሠራኝ ይኸው ጨዋነቴ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከትከሻዬ በላይ ስትጻፍ የኖረችውን ቃል አላውቃትም። ፊቴን ሳዞር እያየህ ዝም ማለትህ አሁን አሁን ሳስበው ያናድደኛል። አንድ ቀን እንኳ ኧረ ተይ፣ ነይ እዪው ብትለኝ ምን ነበረበት?

ለቅሶው አልፎ ሰው ሲበተን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ይሄድና አንተ የነበርክበትን ዓመት ያሳያል። ቀኑ ልክ ስላልሆነ ኢንተርኔቱ አልከፍትም ይላል። ላስተካክለው ስል ስክሪኑ ጠቁሮ አንተን ይጠይቀኛል። ዛሬ ዛሬ መሆኑን ለመጻፍ እንኳ ፈቃድህ አስፈለገኝ። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ሰሞን ስምህ ብቅ ሲል ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ሳላስበው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ያን ቀን አለቀስኩ፣ በማግስቱ ግን ተናደድኩ። ንዴቱ ይሻለኛል፣ ቢያንስ ሥራ ያሠራኛል።

ፓስወርድህን ለመገመት ያልሞከርኩት የለም። የሩትን ስም፣ የእናትህን ስም፣ የስልክህን ቁጥር፣ የምትወደውን መዝሙር መጀመሪያ ሳይቀር ሞከርኩ። በመጨረሻ እያፈርኩ የራሴን ስም አስገባሁ። ስህተት ነው አለኝ። ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ በማሽን ፊት እንዲህ አዋረድከኝ፤ ይህን ሳልነግርህ አልቀርም።

አምና ለመስቀል አረቅጥ ስንሰበሰብ ወንድምህ ጋሽ ሳህሌ ነገሩን በቤተሰቡ ፊት አነሱት። መቼም ታውቀዋለህ፣ ዓመት ሙሉ የተንጠለጠለ ጉዳይ ሁሉ እልባት የሚያገኘው መስቀል ላይ ነው። ሥጋው ተበልቶ ቆጮው ከተነሣ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ቡታጅራ ላለው ልጄ ይሰጥ፣ ክፍሏ ትከራይ፣ የሩት እናትም ትረፍ አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ብቻዬን የምችለው አልመሰላቸውም። ዕቃው ራሱ ያለ እሱ ፈቃድ አይሠራላትም አይደል ወይ ብለው ፈገግ ሲሉ ግን ደሜ ፈላ። የወንድምን ቃል በዚያ ቤት የሚመልስ ሴት ብዙ አላየሁም፤ ቢሆንም ተነሥቼ ኮምፒውተሩ የሥራ ዕቃዬ ነው፣ አልሰጥም፣ አላርፍምም አልኩ። እናትህ ከጥግ ሆነው በጉራግኛ፣ ተዋት፣ ሥራዋ ነው ብለው ነገሩን ዘጉት።

ኮምፒውተሩ ግን እናትህን አልሰማም። ግንቦት ላይ አሮጌው ፕሪንተር ሞተ። አዲስ ገዝቼ ሰካሁት፤ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ይፈቅዳል ወይ ብሎ ስምህን አወጣ። ጊዜው የምርቃት ሰሞን መሆኑን አስብ። ተማሪዎቹ በሬ ላይ ቆመው፣ አዲሱ ፕሪንተር ጠረጴዛዬ ላይ ተገትሮ፣ እኔ በገዛ እጄ ደንበኞቼን ወደ ማዶ ሱቅ እመራ ጀመር። ጋሽ ሳህሌም ሰምተው ደወሉ። አላልኩሽም ወይ፣ ልጁ መኪና ይዞ መጥቶ ይውሰደው አሉ። ነገሩ በዚያው ከቀጠለ ክፍሏ እንደምትዘጋ፣ እኔም የሰው ደጅ ጠባቂ እንደምሆን ገባኝ።

በማግስቱ ሲፒዩውን በጋቢህ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው ሙዲን ዘንድ ሄድኩ። ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ ኬብል ትገዛበት የነበረው ሙዲን ነው። አላህ ያጽናሽ ብሎ ተቀበለኝ፤ ችግሬን ስነግረው ወዲያው ያለውን ሁሉ አጥፍተን ፎርማት እናድርገው አለ። እነዚህ ሰዎች ከፎርማት ሌላ መድኃኒት አያውቁም። የሩት የልጅነት ፎቶ፣ አንተ ቤተ ክርስቲያን ስታስተምር የተቀረጸው ድምፅህ፣ የደንበኞቼ ሥራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ አንዱም አይነካም አልኩት። እህቴ፣ እንዲያ ከሆነ ጊዜ ይፈጃል አለኝ። ይፍጅ አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ በራሱ ፍላሽ አድርጎ በሌላ በኩል ገባበት። ፓስወርድህን አላገኘውም። እኔም ከእንግዲህ ማወቅ አልፈልግም፣ ይዘኸው ሂድ። እኔን አድሚን አደረገኝና ፓስወርድ እንድጽፍ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋልኝ፤ ፊቱንም አዞረ። ከዚያ ያንተን አካውንት ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ከቀበሌውም ከደመወዝ መዝገቡም ስምህ ወጥቷል፤ የወጣው ሁሉ እኔ ሳልጠየቅ ነው። አሁን ግን ተጠየቅሁ። አታጥፋው፣ ፓስወርዱን አንሣለትና ተራ ተጠቃሚ አድርገው አልኩት። ሙዲን ሳቁን መያዝ አቃተው። መምህር ብርሃኑ ይህን ቢያዩ አለ። ይዩ አልኩት።

ፕሪንተሩ አሁን ይሠራል። ተማሪዎቼም ከማዶ ተመልሰዋል። ለጋሽ ሳህሌ ደውዬ ልጃቸው በከንቱ እንዳይደክም ነገርኳቸው። እንግዲያውስ ለቀበሌ የማስገባው ማመልከቻ አለኝ፣ እሱን ትጽፊልኛለሽ አሉ። እጽፍላቸዋለሁ፤ በመስቀልም አብሬያቸው ቀና ብዬ እቀመጣለሁ።

ትናንት ከሥራ በኋላ ያንተን አካውንት ከፈትኩ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰህ የተነሣኸው ፎቶ ወጣ። እንደ አንተ ሆኜ አንድ ነገር ልለውጥ ሞከርኩ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሳጥኑ ብቅ አለ፣ ከሥሩም የእኔ ሙሉ ስም ተጽፎ የእኔን ፓስወርድ ጠበቀ። አንተ በዚያ ዕቃ ላይ ያለ እኔ ፈቃድ ምንም ማድረግ አትችልም። ብቻዬን ሳቅሁ፤ እንደዚያ ከሳቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። በጣም ናፍቀኸኛል፣ የሩት አባት። ቢሆንም አይ የሚለውን ተጫንኩት።

አልረሳህም፤ ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ስምህ ከስሜ ጎን ይወጣል። ዛሬም ሆነ ነገ፣ ሙዲንም ይሁን ወንድምህ ወይም ልጃችን፣ ስምህን ከዚያ ላንሣ የሚል ሰው ቢመጣ ማሽኑ መጀመሪያ እኔን ይጠይቃል። እኔ ደግሞ አልፈቅድም።

ዘነበችህ
ወልቂጤ