በስምሽ የገባው ጽዋ

አንኮበር፣ ጎረቤላ
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰርካለም፤ ድሬዳዋ

ሰርኬ፣ የድሬ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ እዚህ ብርዱ ሊገድለን ነው፤ ይህን የምጽፍልሽ ሁለት ጋቢ ደርቤ ነው። ጉልበቴ ጠላት ሆኖብኛል፤ ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እቀድሳለሁ። ቀይዋ ላም ወለደች። ጥጃዋ እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት፤ አላቢው እኔ ስለሆንኩ እናትሽ እየሳቀች ታየኛለች። አዎ፣ እየሳቀች ነው ያልኩሽ። ወደዚያው እመጣለሁ።

ስልክሽን ከቀየርሽ ወዲህ የት እንዳለሽ እንኳ ሳናውቅ ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት የአልዩ አምባው ነጋዴ ዓወል ለዕቃ ድሬዳዋ ወርዶ ሲመለስ፣ ቤቱ እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። «አባ፣ ሰርካለምን አየኋት። አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ናት፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው» አለን። እናትሽ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በኋላ እኔን ለብቻዬ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ቀሪውን ነገረኝ። «ያገኘኋት ከቤተ ክርስቲያናችሁ አጥር ውጪ ቆማ ነው። ሰው ሁሉ ሲገባ እሷ አልገባችም። ለምን ብዬ መጠየቁ ከበደኝ።»

አንጀቴን በላሽው፣ ልጄ። ለምን እንዳልገባሽ አውቃለሁ። በወንድምሽ በቃለ አብ አርባ፣ ሰው በተሰበሰበበት እናትሽ «ባጃጁን ባትገዢለት ልጄ ዛሬ በኖረ ነበር» አለችሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ፣ ያው ቃል እስከ ድሬ ተከትሎሽ ሄደ።

አሁን በአባትነቴም በቄስነቴም የምልሽን ስሚ። ወንድምሽን አንቺ አልገደልሽውም። ሥራ አጥቶ ደጃፍ ላይ ሲውል አሳዘነሽና እንጀራ ሰጠሽው። የደብረ ብርሃንን መንገድ በጉም የሸፈንሽው አንቺ አይደለሽም፤ ባጃጁን የገጨውን ኢሱዙም የነዳሽው አንቺ አይደለሽም። ይህን ደጋግመሽ አንብቢው።

እናትሽም ካንቺ በኋላ ሰው አልሆነችም። የቄስ ሚስት ሆና ደወል ሲደወል በር ትዘጋ ነበር። «ጠዋት ጠዋት ልጄን ለእመቤቴ አደራ እሰጥ ነበር። አደራዬን በላችው። ምን ብዬ ደጇ ልቁም?» አለችኝ።

የማርያም ማኅበር ሴቶች ግን አልተዋትም። በየወሩ በሃያ አንድ ድርሻዋን ዳቦ ይልኩላታል፤ አትነካውም። የተባረከ ነገር አይጣልምና ሲደርቅ የምበላው እኔ ነበርኩ፤ የቀሩኝ ጥርሶች ምስክር ናቸው። የመደገስ ተራዋ ደርሶ «ጽዋውን ተቀበይ» ሲሏትም «እለፉኝ» ብላ መለሰቻቸው። ጽዋ ያልገባበት ቤት እንግዳም እልልታም የለውም፤ እንደዚያ ሆነን ከረምን።

ከገና በኋላ አንድ ምሽት እንደ ልማዴ ወንጌል እያነበብኩ ነበር፤ እሷ ጥጥ ትፈትላለች። ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም። ተራው ደርሶ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም፤ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ፣ ዮሐንስንም ለእናቱ የሰጠበት ቦታ ላይ ደረስኩ።

«ይድገሙት እስኪ» አለች። ደገምኩት።

«ልጇ ዓይኗ እያየ እየሞተ፣ ሌላ ልጅ ተቀበይ አላት?»

«አዎ።»

«እሷስ?»

«ተቀበለች።»

«እንዴት ቻለችው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አመተ ማርያም። መጽሐፉ ቻለችም አልቻለችም አይልም። ዮሐንስ ወደ ቤቱ ወሰዳት ነው የሚለው።»

እንዝርቷን አስቀመጠችና አለቀሰች። በቀብሩም በአርባውም እንደዚያ አላለቀሰችም። «እመቤቴ፣ ለካ አንቺም ታውቂዋለሽ! ለካ አንቺም ታውቂዋለሽ!» እያለች። እኔም መጽሐፉን አጥፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ፊቷን ታጥባ «ርቦኛል» አለች፤ ስንት ጊዜ ለምኜ ያጣሁትን ቃል። ሐዘኑ ለቀቃት እያልኩሽ አይደለም። አሁንም የቃለ አብን ጫማ ትወለውላለች። ግን ብቻዋን አይደለችም፤ አብራት የምታዝን አግኝታለች፣ ያም ፊቷ ላይ ይታያል።

ከትናንት ወዲያ አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ማኅበሩ በእትዬ ወለተ ሥላሴ ቤት ነው፤ እኔ ዳቦውን ልባርክ ቀድሜ ተቀምጫለሁ። እናትሽ ከተፍ አለች! ጥቁሩን አውልቃ ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች። ሴቶቹ ብድግ ብድግ አሉ። ለካ ቦታዋን ማንም ሳይቀመጥበት ጠብቀውላት ኖረዋል።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ተበላ ተጠጣ። በመጨረሻ እትዬ ወለተ ሥላሴ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደሸፈነች አንሥታ «የሚቀጥለውን ወር ማን ይቀበለኛል?» አለች። ተረኛዋ ሌላ ነበረች፤ የተነሣችው ግን እናትሽ ናት።

«ሰርካለም ትቀበላለች» አለች።

እትዬ ወለተ ሥላሴን ታውቂያት የለ? አፏ አያርፍም። «ሰርካለም የታለችና? ለማን ልስጠው፣ ለነፋሱ?»

«ለእኔ ስጪኝ፤ እኔ እይዝላታለሁ። የምታበላችሁ ግን ልጄ ናት» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

እልልታው ጎረቤላን አናወጣት። እኔ አለቀስኩ፤ ጭሱ ነው እንዳልል እሳት እንኳ አልነደደም። ስንመለስ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ ልያዝልሽ ብላት «ይተዉኝ፣ አደራ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ጽዋው በስምሽ ቤታችን ገብቷል። የካቲት 21 ቅዳሜ ይውላል፤ ጾም ስለሆነ ዶሮ አትጠብቂ። መንገዱ እንደምታውቂው ስጋት አለው፤ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ዓወል ሰላም የሆነበትን ቀን ጠይቆ አብሮሽ ሊመጣ ቃል ገብቶልኛል። መምጣት ቢያቅትሽ አልቀየምሽም። ያንን አጥር ግን፣ እባክሽ ልጄ፣ አልፈሽ ግቢ። ቤቱ ላዘነ ሰው ነው የተሠራው። እናትሽም የተጽናናችው እዚያ በሚነበበው ቃል ነው።

እሷ አሁን ከጎኔ ሱፍ ትለቅማለች። ያልሰማች ትመስላለች፤ እኔ ደግሞ ስጽፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። «ከአንቺ ምን ልበላት?» ብላት «ሱፉን ለቅሜ አቆያለሁ፤ መውቀጡን ራሷ መጥታ ትወቅጣለች በሏት» አለች። ቃል በቃል ጽፌዋለሁ።

ጉሙ ከመንገድሽ፣ ጸጸቱ ከልብሽ ይገፈፍ። ልጇን በዓይኗ ፊት ያጣችው እመቤት በምልጃዋ ታግባሽ። ካለሁበት ሆኜ በመስቀሌ ባርኬሻለሁ።

አባትሽ
ቄስ ዘርአ ዳዊት

ወረቀቱን ላጥፍ ስል እናትሽ እጄን ያዘችኝ።

«ከላይ ልጄ ብለው ጽፈዋል?»

«ጽፌአለሁ።»

«እሱ የርስዎ ነው። የኔንም ይጻፉበት።»

ልጄ።