ጎርፍ ነው ወይስ ጠብ?

ሀገረ ሕይወት፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ጂራ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ጎዴ በረሃ ነው፤ ከእናትሽ ጋር እዚያው ቅሪ፤ በእኔ አፍ ምክንያት አንቺ አትንከራተቺ» ትላለህ። አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዳኛ ሆነህ የሚስትህን ቃል ሳትሰማ ትፈርዳለህ? በጣም ተናድጃለሁ። ቢሆንም ሳልስመው አላስቀመጥኩትም።

ያን ቀን እኔም ችሎት ተቀምጬ እንደነበር ረሳኸው? ኦቦ ጉዩ ጎረቤቱን ገድሏል ተብሎ ቆሟል። እሱ የሚያውቀው ኦሮምኛ ብቻ፣ የችሎቱ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ። አንተም የእናትህን ቋንቋ እንደማያውቅ ሰው አስተርጓሚውን ትጠብቃለህ። «ሟቹን ምን ገደለው?» ብለህ ስታስጠይቀው «ሎላ» አለ። አስተርጓሚው ቸኩሎ «ጠብ ነው የገደለው ይላል» አለ። መጨረሻዋን ባጭሩ ከቆረጧት ጠብ፣ ሳብ ካደረጓት ጎርፍ የምትሆን ቃል! የጉዩ ነፍስ በእሷ ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

አቀርቅረህ ጆሮህን ነካካህ። አውቅሃለሁ፣ ስትፈራ እንዲያ ታደርጋለህ። ከዚያ ቀና ብለህ ራስህ ጠየቅኸው፦

«ኦቦ ጉዩ፣ ሎላ ሁሉቃ ሞ ሎላ ነማ?» የሁሉቃ ወንዝ ጎርፍ ነው ወይስ የሰው ጠብ?

«ከን ሁሉቃ፣ ያ ጎፍታኮ! ከን ሁሉቃ!» የወንዙ ነው፣ ጌታዬ ሆይ፣ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ወንዙ ሟቹን ሲወስደው ያዩ ምስክሮች ተጠርተው ጉዩ ነጻ ወጣ። አንተን ግን «ከዳኛ ወንበር ላይ በኦሮምኛ ተናገርክ፣ ጠባብ ብሔርተኛ ነህ» ብለው ጎዴ ላኩህ።

ጂራዬ፣ እኔ እኮ ባሌን በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው። አብረን ስንኖር በዚያ ቋንቋ አናግረኸኝ አታውቅም። ለካ ድምፅህ እንዲያ ያምራል!

አሁን የጉዩ ሚስት ኡርጌ ገበያ በመጣች ቁጥር ጎራ እያለች ኦሮምኛ ታስተምረኛለች። ስሳሳት ሆዷን ይዛ ትስቅብኛለች። «ያ ወለተማርያም፣ ሳቢያት እንጂ! አንቺም ሰው ልታሳስሪ ነው?»

ቤቱን አከራይቻለሁ። እናቴም አልቅሳ አልቅሳ መርቃኛለች። ቅዳሜ በጠዋት አውቶቡስ እነሳለሁና ፍርድህን ለራስህ ያዘው። ኡርጌ ያስጠናችኝን ልጻፍልህ፤ «እየመጣሁ ነው» ማለት ነው፣ ስምህም በውስጡ አለ፦

ዹፋን ጂራ።

ሚስትህ
ወለተማርያም