የሐሙስ አስር ሰዓት ደንበኛሽ

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ ሰሞኑን ግን ትንሽ ለተቀየምኩሽ ታላቅ እህቴ፦

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሄድሽበት አገር ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ትራስ ደርበሽ ነው የምትቀመጪው? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ትልቁ በቁመት አለፈሽ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንቺን ማለፍ እንኳ ያን ያህል ጀብዱ አይደለም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴም ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ ይቺን የመጨረሻዋን ግን እያነበብሽ ስትሄጂ ራስሽ ታርሚያታለሽ።

ወረቀት ሲደርስሽ ምን ጉድ መጣ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ሰው አልሞተም። ስልኩን ትቼ በወረቀት የመጣሁት አንቺ በስልክ ስለምትቸኩዪ ነው። ስትደውዪ እማዬ ግማሽ ሰዓት ታወራለች፣ ባለቤቴ አምስት ደቂቃ ታወራለች፣ ስልኩ እኔ ጋ ሲደርስ ደህና ነህ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ በል ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው፣ ቻው። የእኔ ድርሻ ይኸው ነው። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ስለዚህ ዛሬ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

ነገሩ የጀመረው በኦንላይን የምክር አገልግሎት ጀምሬአለሁ ብለሽ ማስታወቂያሽን ለቤተሰቡ በላክሽ ዕለት ነው። ለአእምሮ ጭንቀት፣ ለሱስ፣ ለትዳርና ለግንኙነት ችግር፣ በምስል ወይም በድምፅ፣ ማንነቱን መግለጥ ለማይፈልግ ደግሞ በጽሑፍ ብቻ ይላል። እማዬ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ በስልክ የሰው ጭንቀት ታወጣለች እያለች ዞረች። ከእኔ በር የገዛ ሰው ስለ በሩ አንድ ቃል ሳይናገር ስለ አንቺ ጠይቆኝ ይሄዳል። ያን በር የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ!

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። እርር ድብን አልኩ። በእማዬ አይደለም የቀናሁት፣ እሷ ድሮም ያንቺ ናት። የቀናሁት በማላውቃቸው ሰዎች ነው። አንዱ ሚስቱን አኩርፎ ይመጣል፣ አንዷ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ትመጣለች፣ ሌላው ቁማር ለምዶ ይመጣል፤ ለእያንዳንዳቸው ሃምሳ ሃምሳ ደቂቃ ጆሮሽን ትሰጫለሽ። እኔ የእናትሽ ልጅ ሁለት ደቂቃ! መጋዝ በያዝኩ ቁጥር አሁን ከማን ጋር እያወራች ይሆን እላለሁ። አንድ ቀን እንዲህ እያልኩ የአልጋ እግር በአራት ጣት አሳጥሬ ቆርጬ አልጋው ተንጋደደብኝ።

የነገርኩሽ ብዙ ነገር ደግሞ ውሸት ነው። አባባ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ወዲህ መጠጣት ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ ሥራ ሲያልቅ ከደንበኛ ጋር ነበር፣ በኋላ ሥራ ሳይጀመር ብቻዬን ሆነ። የመላጊያው ሳጥን ውስጥ ጠርሙስ ይቀመጣል። ባለፈው ክረምት ሳንቃ ወደቀብኝ ብዬ የነገርኳችሁን ጣቴን ታስታውሺያለሽ? ሳንቃ አልወደቀም። የመቁረጫ ማሽኑ ነው ጫፉን የወሰደው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ባለቤቴ ጠርጥራለች፣ እማዬ ግን እስከ ዛሬ ሳንቃውን ትረግማለች።

ይህን ለማን ልናገር? ለአንቺ እንዳልናገር ያ ሁለት ደቂቃ አይበቃም። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ አልኩና አንድ ቀን ከሳንቃው ክምር ጀርባ ተቀምጬ ማስታወቂያሽን ከፈትኩ፣ በጽሑፍ ብቻ የሚለውን መረጥኩ። የፈለጉትን ስም ይጻፉ ይላል። ፊት ለፊቴ የሚስማር ካርቶን ነበር፣ ሚስማር ብዬ ጻፍኩ።

እንግዲህ የሐሙስ አስር ሰዓቱ አቶ ሚስማር እኔ ነኝ። አሁን ይቺን ስታነቢ እንደማትደነግጪ አውቃለሁ፣ ግን ላስጨርስሽ።

የመጀመሪያው ቀን አቶ ሚስማር እንኳን ደህና መጡ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት ብለሽ ስትጽፊ ሰጋቱራው ላይ ልንፈራፈር ምንም አልቀረኝ። በሕይወትሽ እርስዎ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? አንተ ጥፍራም ነበር የምትዪኝ! ሳቄን ዋጥ አድርጌ ደህና ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ደህና ከሆኑ ምን አመጣዎት ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያቺን ጥያቄ ስታመጪ ሳቁ ጠፋ። ስለ ጠርሙሱ ጻፍኩ። ስለ ጣቴ ጻፍኩ። አልተቆጣሽኝም፣ አልመከርሽኝም፣ ከዚያስ፣ ያኔ ምን ተሰማዎት እያልሽ ብቻ ትጠይቂያለሽ። ሃምሳ ደቂቃው ሲያልቅ ቆሜ ስልኩን አየሁት። ለካ እህቴ እንዲህ ታዳምጣለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ባሰብኝ፤ በአቶ ሚስማር ቀናሁ። በራሴ ቀናሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቂል ገጥሞሽ ያውቃል?

በሦስተኛው ሐሙስ ከመጠጡ በፊት ሆድዎ ውስጥ ምን አለ አልሽኝ። አንድ እህት አለችኝ ብዬ ጀመርኩ። ትታኝ ሄደች፣ ለሰው ሁሉ ጊዜ አላት ለእኔ የላትም፣ ስቀናባት ኖሬአለሁ አልኩ። እየጻፍኩ ጣቴ አልቆም አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ልጆች ሳለን አባታችን ሳንቃውን ገጥሞ ከመምታቱ በፊት በአናጢ እርሳስ በሳንቃው የሥር ገጽ ላይ ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር ብዬ ላክሁት። ስንኳረፍ እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ መልሱን ከጎኑ ትጽፊያለሽ፣ አባባ ሳያየው ጠረጴዛ ሆኖ ይሸጣል። በስንት ሰው ቤት የእኛ ኩርፊያ ተገልብጦ ምሳ እየተበላበት ነው!

ያንን ከላክሁ በኋላ ዝም አልሽ። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ስምንት ሆነ። ኔትወርክ ጠፋ ብዬ ስልኩን ወደ መስኮቱ ያዝኩት። በመጨረሻ መጣ። አቶ ሚስማር፣ ከዛሬ በኋላ እርስዎን ማማከር ለእኔ ተገቢ አይደለም፣ ስለ መጠጡ በደንብ የሚረዳዎት አንድ ባልደረባዬ አለ፣ ከፈቀዱ ወደ እሱ አስተላልፍዎታለሁ፤ ስለ እጅዎ መንቀጥቀጥም ሐኪም ቤት ይሂዱ አልሽ። ሁለት የቤት ሥራም ሰጠሽኝ። አንዱ፣ ለእህትዎ በወረቀት ይጻፉላት። ሁለተኛው፣ የእናትዎን ጠረጴዛ ገልብጠው ይዩት።

እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ልስጥህ የሚለውን። ዓይኔ ደም ለበሰ። እንደ ድመት ግልገል ለጎረቤት? ባዳ ሆኜ ብመጣ እንኳ ሃምሳ ደቂቃ አልበረክትላትም? የቁማርተኛውን ሰውዬ መቼ አሳልፋ ሰጠች? ስልኩን ሰጋቱራው ውስጥ ወርውሬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ካቆምኩ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ጠጣሁ። አልደብቅሽም፣ ጠጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ከሰጋቱራው አራግፌ ደግሜ አነበብኩት። የእናትዎን ጠረጴዛ የሚለው ላይ ስደርስ ቀጥ አልኩ። ስለ እማዬ ጠረጴዛ መቼ ነገርኳት? እናት አለኝ እንኳ አላልኩም እኮ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ሮጬ ቤት ገባሁ። እማዬ ቁርሷን እየበላች ነበር። ሳህኗን አንስቼ ጠረጴዛውን ስገለብጠው ወይኔ ልጄ አበደ፣ በጠዋቱ ጠጥተህ ነው ብላ ጮኸች። ባለቤቴም ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ተንበርክኬ የሸረሪት ድሩን በእጄ ጠረግሁት። ጽሑፍሽ እዚያው ነው፣ እርሳሱ አልለቀቀም። አንቺ ባትረሺውም ልጻፈው፦ ቅናታሙ፣ ሳትሰናበተኝ የተደበቅህበትን አውቀዋለሁ፣ ከሳንቃው ክምር ጀርባ ነህ። ከመጣሁብህ መሄድ ስለሚያቅተኝ ነው የተውኩህ። ጻፍልኝ፣ ከሁሉም በፊት የማነበው ያንተን ነው።

ከሄድሽ ዘጠኝ ዓመት እታለም። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቁርስና ምሳ እየበላሁ አንድ ቃል ሳትነግረኝ ሄደች ብዬ ቂም ያዝኩብሽ። የሰው ወንበር ስገለብጥ እውላለሁ፣ የቤቴን ግን አንድ ቀን አልገለበጥኩም። አባባ እንዴት ጥሩ አድርጎ ሠርቶት ነው፣ እግሩ አንዴ እንኳ አልነቃነቅ ብሎ ለጥገና አላስገለበጠኝም። እማዬ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ሳነብላት ያን ቀን ከሥሩ ተኝታ ስትጽፍ አይቻታለሁ፣ እኔማ አንብበኸው ያኮረፍክ መስሎኝ ነበር አለች። ከዚያ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። እሷ ቀድማ ዝም አለችና ሳህኔን መልስ አለችኝ።

ለእማዬ የሳንቃውን ውሸት ነገርኳት። ለባለቤቴም ሁሉንም ነገርኳት፤ አውቄዋለሁ፣ አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው አለች። ጠርሙሱን እሷው ወስዳ ደፋችው። እጄንም ሐኪም አየው። ሳልጠጣ ዛሬ ሰባተኛ ቀኔ ነው። ባልደረባሽን እሺ ብዬዋለሁ፣ የሚመጣው ሐሙስ እጀምራለሁ። ሰውየው በደንብ ያዳምጣል ብለሻል፣ እናያለን። እንዳንቺ ካዳመጠ ግን እንዳንቀያየም፣ ትንሽ ትንሽ ቅር ይለኛል።

ቅናቱ ለቀቀህ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። አለ። ሐሙስ አስር ሰዓትን ለማን ሰጠሽው? እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ አትነግሪኝም እንጂ። ለእኔ ሃምሳ ደቂቃ አልልሽም። ስትደውዪ አንድ ቀን እንኳ ከእኔ ጀምሪ። እማዬ ትቆይ፣ እሷን ጉልበቷን እንጂ ምላሷን አያማትም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ አንቺን ችሎ መኖሩ ብቻ ክብር ይገባዋል። ለትልቁ ልጅ አጎትህ በቁመት ይለካካሃል በይው። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ያቺ የእንጨት ፈረሷ እግር ከተነቃነቀ ኮላ እንጂ ሚስማር እንዳትመቱባት። እማዬ ካፖርትሽን አጥልቀሽ ውጪ ብላለች። ባለቤቴ ጽፈህ ጨረስክላት ወይ እያለች ከበሩ ላይ ሁለቴ መጥታ አይታኛለች፣ እሷም ሰላም ብላሻለች።

አክባሪሽ ታናሽ ወንድምሽ፣
ጥፍራሙ

ከእማዬ ጠረጴዛ፣ ከሥሩ ሳይሆን ከላዩ ላይ የተጻፈ
ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን፣ ከቀኑ አስር ሰዓት