ኤክስን ለብቻው ማስቀረት

ሰኞ
ከሃያው ሁለት ብቻ አገኘሁ። የሒሳብ መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ጎንበስ ብሎ «ዓርብ ሌላ ፈተና አለ፤ እሱም ካልሆነልሽ ወደ ስምንተኛ መመለስሽ ነው» አለኝ። ሌላ ሰው አልሰማም፤ እግዜር ይስጠው። እዚህ አክስቴ ቤት ከመምጣቴ በፊት፣ ዳባት ገጠር ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ሲከርም ስንቱ ትምህርት አምልጦኛል! ዘጠነኛ ያስገቡኝም ለሙከራ ነው። አክስቴ ስትሰማ ወዲያው ጎረቤት ሄዳ ዲያቆን ይስማውን ለመነችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ይማራል።

ማክሰኞ
እሱ ያስረዳል፣ እኔ «ገባኝ» እላለሁ። አልገባኝም። ሲያየኝ ድምፄ ይጠፋል። የሰጠኝን ጥያቄ ሁሉ ተሳሳትኩ። መልሱን ብቻ ስለምጽፍ የት ላይ እንደምሳሳት እሱም ሊያገኘው አልቻለም።
«አያ ይስማው፣ ተወኝ፤ አይሆንልኝም» አልኩት።
«ገና ጢም ሳላወጣ አያ ብለሽ አስረጀሽኝ፤ ጭራሽ ተማሪም ልታሳጪኝ ነው?»
ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ረቡዕ
ቄስ ትምህርት ቤት እያለ የኔታ ጮክ ተብሎ ያልተባለ ትምህርት አይቀበሉም ነበር አለኝ። «አንቺም እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብለሽ በይው።» እሱ እያየኝ እንዴት ብዬ! ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በይ እንግዲህ፣ እኔ የለሁም።»
ጀርባውን እያየሁ ጀመርኩ። «ሦስት ኤክስ ይሆናል አሥራ ሁለት። ሦስቱ ሲሻገር ማይነስ ሦስት ይሆናል። አሥራ ሁለት ሲካፈል ለማይነስ ሦስት...»
«ቆይ!» ብሎ ዞረ። «ማይነሱ ምነው መጣ?»
«ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል ተብለን የለ?»
«እሱ ለሚደመርና ለሚቀነስ ነው። ይኸ እኮ ብዜት ነው! ሦስት ሰው አሥራ ሁለት ብርቱካን ቢካፈል ማይነስ አራት አራት ይደርሰዋል? ከየቤታቸው ሊያዋጡ ነዋ!»
አክስቴ ከጓዳ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያ ሁሉ ስህተት በዚች! ተናድጃለሁ፤ ደስም ብሎኛል።

ሐሙስ
ጮክ ብዬ ስሠራ ዋልኩ። ወንበሩን አላዞረም፤ እኔው አቀረቀርኩ። የሚቀሩኝ፦ ቅንፍ፣ ክፍልፋይ፣ በእንግሊዝኛ ተተርኮ የሚመጣው ጥያቄ። መልሱ ክፍልፋይ ሲሆን የተሳሳትኩ ይመስለኛል። «ከመሰረዝሽ በፊት በኤክስ ቦታ አስገቢና እይው፤ ግራና ቀኙ እኩል ከመጣ ልክ ነሽ» አለኝ።

ዓርብ
ተፈተንኩ። የእንግሊዝኛውን ባዶ ተውኩት፤ አንብቤ አንብቤ አልገባኝም። ሌሎቹን ሠራሁ። አንዱ ግን ሰባት ሲካፈል ለሁለት መጣብኝ። አጠገቤ ያለችው የክፍሉ ጎበዝ አየችና «አጥፊው፣ ሙሉ ቁጥር ነው» ብላ አንሾካሾከች። ላጲሱን አነሳሁ። ከዚያ መልሱን በኤክስ ቦታ አስገባሁት። ግራው ዘጠኝ። ቀኙም ዘጠኝ። ላጲሱን አስቀመጥኩ።
ውጤቱ ሰኞ ነው። እፈራለሁ።
አያ ይስማው መጥቶ «በይ፣ ከእንግዲህ ሰኞን መጠበቅ ነው» አለ።
«ምነው? የእንግሊዝኛው ቀርቶኝ የለም ወይ?» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሊያስረዳኝ ይመጣል።