ጀግናውን ቶሎ ዋሻው አስገባልን

ልጄ፣ እጅህን የባረከ አምላክ ጤናህንም ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያው ብቻ ያፈሳል።

የጻፍካቸውን ሁለቱን የ«ጨለማው መንግሥት» መጻሕፍት ለአባትህ አነበብኩለት። አንገት የሚቆረጥበትን ሁሉ ስለምዘለው ለእሱ እስካሁን ማንም አልሞተም፤ «ንጉሡ የት ጠፋ?» እያለ ያደርቀኛል። ያ ፈሪ ጀግናህ ከዘንዶው ዋሻ ደጃፍ ሰይፉን ጥሎ ሲሮጥማ «ቁርጥ እኔን!» ብሎ አጨበጨበ።

የአባትህን ዓይን የጋረደው ሞራ ብሶበታል። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይገፈፋል ቢለውም እሺ አላለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትታወር ነው እኮ!» ብዬ ብቆጣው፣ «መጀመሪያ ጀግናው ወደ ዘንዶው ዋሻ ይግባ፤ ከዚያ እኔም ሐኪም ቤት እገባለሁ» አለኝ።

እናም ልጄ፣ ሦስተኛውን መጽሐፍ ቶሎ ጨርስልኝ። ብዕርህ አይንጠፍ፣ ክፉ አይንካህ። ጀግናውን ዋሻው አስገባልኝ፤ ግን አደራ፣ ከነዓይኑ አስወጣው።

እናትህ