የሞስኮ ሩጫና የበሩ መቃን

ሐምሌ 1972፣ እሑድ

ባለቤቴ ጽጌ ጎረቤታችን ከድር ቤት ሄደች። ሂጂም አላልኳት፣ ቅሪም አላልኳት።

ከድር ቴሌቪዥን ከገዛ ወር አልሞላውም። ጉርድ ሾላ ሱቅ አለው፤ ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል። ከሜክሲኮ ኦሊምፒክ ጀምሮ ሰፈሩ ሩጫ የሚሰማው እኔ ቤት ነበር። ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ፣ እኔ ከሥሩ፣ ሌላው በየቦታው። ሜክሲኮ ባሸነፍን ዕለት ማን የት እንደነበረ ስለምናውቅ፣ ቦታ መቀየር ክልክል ነው። ጽጌ የበሩን መቃን ይዛ ትቆማለች። ያኔ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የመጨረሻው ሰዓት ደርሶባት እዚያው ደርቃ ቀርታ ነበር።

ዛሬ የሞስኮውን አሥር ሺ ሜትር ብቻዬን ሰማሁ። ዙሩ እያለቀ ሲመጣ የከድር መብራት ቢጠፋ ብዬ ተመኘሁ። የእኛ ሰው ተፈትልኮ ወጣ። ወርቅ! ብድግ አልኩ፤ ለማን እንደምናገር ጠፋኝ። እልልታው ከአጥሩ ማዶ መጣ። የጽጌን ድምፅ ለየሁት።

ፊቷ በርቶ ተመለሰች። "ሲሮጥ ታየዋለህ እኮ፣ መኮንን! እግሩን!" እራት አልበላችም። ረመዳን ነው፤ እነከድር ጾም ሲፈቱ ሾርባና ሳምቡሳ በልታለች።

"የት ተቀመጥሽ?"

"አልተቀመጥኩም። መቃኑን ይዤ ነው ያየሁት።"

የሰው ቤት መቃን።

ሰኞ

ቢሮ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ ወጣት "ጋሼ፣ አይተውታል?" አለኝ። በቴሌቪዥን አልኩ። "ሲገባ እጁን አነሳ?" ሁለቱንም አልኩ። እግዜር ይወቅ።

ማታ ጽጌን በዘዴ ጠየቅኋት፦ እጁን አነሳ እንዴ?

"ለምን መጥተህ አታይም?" አለች።

ማክሰኞ

ከድር ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ጠዋት መንገድ ላይ አቆመኝ። "ጋሽ መኮንን፣ ቀሩብን እኮ። ዓርብ አምስት ሺው አለ። እርስዎ ከሌሉ ማን ያስረዳናል? ወንበር አስቀምጥልዎታለሁ።"

ሥራ ይበዛብኛል አልኩ።

"ማታ?"

"ማታ።"

ወንበር ያስቀምጥልኛል። ለሰው ወንበር የማስቀምጥ እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ

ዝናብ። ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ መንገዱን አበላሽቶታል። አጥሩ ላይ ሴቶቹ የሚሹለኩበትን ቀዳዳ በቆርቆሮ መታሁት። ጽጌ መዶሻውን ሰምታ ወጣች።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ጅብ ይገባል።"

እንጦጦ ሥር ስለምንኖር ነገሩ ጭራሽ ውሸት አይደለም።

"እስከ ዛሬ የት ነበር ጅቡ?" ብላ ገባች።

ሐሙስ

የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ደክሟል። አዲስ ድንጋይ ሰፈር ውስጥ ጠፍቷል። ከድር ሱቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ አልሄድኩም። ፀሐይ እንዳላስመታው ሐምሌ ነው። ሙቀት ቢያነቃው ብዬ ምድጃው ዳር ደረደርኩት።

ጽጌ ቆማ አየችኝ። "ከድርን ላለመጠየቅ ድንጋይ ትጠብሳለህ?"

አገላበጥኩት።

ዓርብ

ጽጌ በመንገዱ ዞራ ሄደች፣ ጭቃ ለጭቃ። ሬዲዮውን ከፈትኩ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ሩጫው እንደተጀመረ መብረቅ ጮኸ፤ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። እሑድ የተመኘሁት ዛሬ ደረሰ። ደስ አለኝ። መጻፉ ያስጠላል፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ከማዶ ጫጫታ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮዬ ሲገነጠል። ከድር ነው። በእጁ ቴምር ይዟል፤ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ከኋላው ናቸው። "ጋሽ መኮንን፣ ሬዲዮዋን! ሬዲዮዋን ከፍ ያድርጓት!"

ቤቱ ሞላ። ጽጌ ኩራዝ ለኮሰች። ከድር ባዶ ያገኘው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። የወንድሜ የአስፋው ወንበር ነው። አስፋውን ከወሰዱት ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ከድር አያውቅም። ጽጌ አየችኝ። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግኩ።

የመጨረሻው ዙር ላይ ድምፁ ሞተ።

"ድንጋዩ ነው!" አለ ከድር። ከኪሱ የእጅ ባትሪውን አውጥቶ ፈታው። ጽጌ ኩራዙን ከራሳችን በላይ ያዘችልን። ጣቶቻችን እየተጋጩ የደከመውን አውጥተን የእሱን ከተትን። አንዱን በግልባጭ አስገብቼ ነበር፤ እሱ አዞረው። ሬዲዮው ሲነሳ ተናጋሪው እየጮኸ ነው፤ ቃሉ አይለይም።

"አሸነፈ?"

"ዝም በሉ!"

"ሁለተኛ ወርቅ" የሚለውን ሰማን። ከድር አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ቴምሩ ሸሚዜ ላይ ተለጠፈ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላስታውስም፤ ጉሮሮዬ አሁንም ያቃጥለኛል።

መቃኑን ማንም አልያዘም ነበር። ያስተዋልኩት ሰው ከወጣ በኋላ ነው።

ቅዳሜ

መብራት መጣ። ከድር ሩጫውን ማታ በቴሌቪዥን እንደሚደግሙት በቀዳዳው በኩል ነገረን። መዶሻ ይዟል፤ ቆርቆሮውን አቃንቶ ሊመታልኝ ነው።

ተወው አልኩት።

"ጅቡስ?" አለ። ጽጌ ነግራዋለች።

ሄድኩ። ያስቀመጠልኝ ወንበር ላይ እናቱ ተቀምጠዋል፤ ሊያስነሳቸው ሲል ከለከልኩት። ቴሌቪዥኑ ይህን ያህል አይደለም። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ዓይን ያደክማል። ከድር "ጋሽ መኮንን፣ የእኛ የቱ ነው?" እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሳያውቀው ቀርቶ አይመስለኝም። አሳየሁት።

ውጤቱ ታውቋል፤ ጽጌ ግን መቃኑን ይዛ ቆማለች። በር ሁለት መቃን አለው። ማዶኛውን ያዝኩ።